ከአንደበት የሚሰማ ግጥም

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ስንኝ፣ ስለ ሐረግና ስለ ቤት መምቻ ተምራችኋል። ግጥምን ከወረቀት ላይ እያነበባችሁ የቀለሙን ብዛት መቁጠርም ተለማምዳችኋል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ሳይነሣ ቆይቷል፤ ይኸውም ከአማርኛ ግጥም እጅግ ብዙው በወረቀት ላይ እንዲሰፍር ታስቦ የተፈጠረ አለመሆኑ ነው። የተፈጠረው ሊነገር፣ ሊዜም፣ ሊፎከርበት ወይም ሊለቀስበት ነው። ገጣሚው ብዕር ከመጨበጡ በፊት ድምፅ፣ አድማጭና አጋጣሚ ነበሩት። እነዚህ ሦስቱ በጎደሉ ጊዜ ከግጥሙ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጠፋ ለይቶ ማወቅ የዚህ ትምህርት ዓላማ ነው።

ሀ. ፊደል የማያሳየው ድምፅ

በመጀመሪያ የሚከተለውን አጭር ዓረፍተ ነገር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ካሳ አለ።

ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ካሳ አንድ ነገር መናገሩን፣ ሌሎቹ ደግሞ ካሳ በሥፍራው መገኘቱን ተረድታችሁ ይሆናል። ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። «ለ» ላልቶ ሲነበብ ግሡ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ አጣምሮ ያሳያል፤ መጥበቅንና መላላትን ግን በተለመደው አጻጻፍ አያሳይም። ይህን የሚያሳየው የአንባቢው አንደበት ብቻ ነው። «ዋና» የሚለው ቃል «ና» ላልቶ ሲነበብ በውኃ ላይ መዋኘትን፣ ጠብቆ ሲነበብ ከሁሉ የበለጠውን ጉዳይ ያመለክታል። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺውን ይነግረናል። «ገና»ም እንዲሁ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያሳያል።

በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከፊትና ከኋላ ያሉት ቃላት ስለሚረዱን ችግር አይገጥመንም። በግጥም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገጣሚው ሁለቱንም ፍቺ ሆን ብሎ ይፈልጋቸዋልና። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለጸጋ ለአንድ አዝማሪ ሸማ እንደሚሸልመው ቃል ገብቶ ነበር እንበል። ቀኑ ቢገፋም ሸማው አልመጣም። አዝማሪው በሌላ ግብዣ ላይ ከዚያው ጌታ ፊት ቆሞ የሚከተለውን ይላል። ግጥሙ ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ነው።

ሸማ ትለብሳለህ ብለኸኝ ነበረ፣
ገና ነው ስትለኝ ዓመት ተሻገረ።

ኅብረ ቃሉ «ገና» የሚለው መሆኑን አስተውላችኋል። «ና»ን አጥብቀን ስናነበው ጌታው ሸማውን ለገና በዓል ቀጥሮ ኖሯል፤ ይህ ሰሙ ነው። አላልተን ስናነበው ደግሞ ጌታው ዘወትር «ገና ነው፣ ገና ነው» እያለ ሲያዘገይ መኖሩን እንረዳለን፤ ይህ ወርቁ ነው። እስከዚህ ድረስ በየመማሪያ መጽሐፉ የምታገኙት ማብራሪያ ነው።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አዝማሪው ቃሉን በአንድ ጊዜ አጥብቆም አላልቶም ሊናገረው አይችልም። ታዲያ ሁለቱ ፍቺዎች እንዴት ወደ አድማጩ ጆሮ ደረሱ? መልሱ በአቀራረቡ ውስጥ ይገኛል። አዝማሪ ስንኙን አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ አያልፍም፤ ይደጋግመዋል። በመጀመሪያው ዙር አጥብቆ፣ ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ ቢለው ስለ በዓል የሚያወራ ይመስላል። በሁለተኛው ዙር አላልቶ፣ ዜማውን ረዘም አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ባለ ቃሉ ጌታ ቢመልስ ወርቁ ይወጣል። ከዚህም በላይ ዜማ ድምፅን ስለሚያስረዝም መጥበቁና መላላቱ ተለይቶ የማይታወቅበት ጊዜ አለ፤ አዋቂ አዝማሪ በዚህ ይጠቀማል።

ጌታው ቢቆጣ አዝማሪው «እኔ ስለ በዓሉ ነው የተናገርሁት» ለማለት ይችላል። ጌታው ቢስቅ ግን ሸማው ሳይመጣ አይቀርም። በዙሪያው የተቀመጡት እንግዶች በበኩላቸው የሚመለከቱት አዝማሪውን ሳይሆን የጌታውን ፊት ነው። እንግዲህ የግጥሙ ግማሽ የተጻፈው በዚያ ፊት ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሁሉ ከሁለቱ ስንኞች ጋር በወረቀት ላይ ለማስፈር ሙሉ ገጽ እንዳስፈለገን ልብ በሉ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት የጎንደሩ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ተናገሯቸው እየተባሉ የሚተረኩት ቀልዶችም ብዙዎቹ የተመሠረቱት በእንዲህ ያለ የቃል አሰባበርና አጠባበቅ ላይ ነው። ቀልዶቹ በመጽሐፍ ታትመው ሲነበቡ አንዳንዶቹ ፈዛዛ የሚመስሉት ስለዚህ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ቃሉን የሚሰብረው ሰው የለማ!

ለ. አድማጩም ገጣሚ ነው

አዝማሪ የሚይዘው መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። አውታሩም ሆነ የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ሲሆን ገላው ቆዳ የተወጠረበት እንጨት ነው። ይህ ቀላል መሣሪያ ዜማውን ከማጀብ ሌላ አንድ ታላቅ አገልግሎት አለው፤ ለገጣሚው ጊዜ ይሰጠዋል። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ካዜመ በኋላ መሰንቆውን ጥቂት ሲገዘግዝ አድማጩ ሙዚቃ የሚሰማ ይመስለዋል። አዝማሪው ግን በዚያች ቅጽበት ሁለተኛውን ስንኝ እየፈለገ ነው።

የመጀመሪያው ስንኝ ራሱ ብዙ ጊዜ ለዚሁ ጉዳይ የሚያገለግል መንደርደሪያ ነው። የሚከተለውን ተመልከቱ።

ከወንዙ ማዶ ላይ ይታየኛል ዋርካ፣
የነገሩኝ ሁሉ እውነት ኖሯል ለካ።

ዋርካውና የተነገረው ወሬ ምን ያገናኛቸዋል? ምንም። በድርሰት ትምህርታችሁ «ሐሳቦች እርስ በርሳቸው ይያያዙ» ተብሎ ስለ ተነገራችሁ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ጉድለት ልትቆጥሩት ትችሉ ይሆናል። በቃል ለሚነገር ግጥም ግን ይህ ጉድለት አይደለም። ዋርካው የተጠራው በ«ካ» ስለሚጨርስ ነው። አድማጩ «ዋርካ» የሚለውን እንደ ሰማ ጆሮው በ«ካ» የሚያልቅ ሌላ ቃል መጠበቅ ይጀምራል፤ በልቡም እየገመተ ይቆያል። ግምቱ ሲሠምር ይደሰታል፤ ሳይሠምር ቀርቶ ከጠበቀው የተሻለ ቃል ሲመጣለት ደግሞ የበለጠ ይደሰታል። በወረቀት ላይ ዓይናችን ሁለቱንም ስንኞች በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ይህ የመጠበቅ ደስታ ይቀርብናል።

የአድማጩ ድርሻ በመጠበቅ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በአዝማሪ ቤት የተገኘ እንግዳ ስሜቱ በተነሣሣ ጊዜ «ተቀበል!» ይልና የራሱን ግጥም ለአዝማሪው ይሰጠዋል። እንግዳው አንዱን ስንኝ በተራ ንግግር ይናገራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። እንግዳው ሁለተኛውን ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንንም ያዜማል። እዚህ ላይ ገጣሚው ማን ነው? ቃሉ የእንግዳው፣ ድምፁና ዜማው የአዝማሪው ነው። እንግዳው በራሱ አፍ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር፣ ለምሳሌ ፍቅሩን ወይም ቅሬታውን፣ በአዝማሪው አፍ ያስነግራል። አዝማሪው በበኩሉ የተናገረው የሌላውን ሰው ቃል ስለሆነ ኃላፊነቱ ይቀልለታል። በመካከላቸው የተቀመጠችው ወይም የተቀመጠው ባለ ጉዳይ ግን ነገሩ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም።

ተረትም እንዲሁ ያለ ተቀባይ አይጀመርም። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ ካልመለሱለት ዝም ይላል። ዝንጀሮዋን በቀጭን ድምፅ፣ ጅቡን በጎርናና ድምፅ እያናገረ ሲሄድ ልጆቹ ከፈሩ ጅቡን ቶሎ ያሳልፈዋል፤ ከሳቁ ያቆየዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ተረት በሁለት ምሽቶች ሲነገር አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። እንካ ሰላንቲያ የሚባለው የቃላት ጨዋታ ደግሞ ፈጽሞ ሁለት ሰው ካልሆነ አይሆንም፤ ጥሪውንና ምላሹን ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ስለምታውቁት እዚህ ማብራራት አያስፈልግም።

ፉከራን ስናይ ሰውነት ራሱ የግጥሙ ክፍል ሆኖ እናገኘዋለን። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ከተነሣ በኋላ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን እየነቀነቀ ይናገራል። ስንኙ የሚያልቀው ዞሮ በሚመለስበት እርምጃ ላይ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚነበብ ፉከራ እንግዳ ነገር የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው።

ላሊበላ ወይም ሐሚና እየተባሉ የሚጠሩት አዚያሚዎች ልማድ ደግሞ አጋጣሚ ለግጥም ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። እነዚህ ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየቆሙ ያዜማሉ። ከመምጣታቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ ሥራውንና የልጆቹን ነገር ከጎረቤት ጠይቀው ይረዳሉ። ባለቤቱ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ስሙ በግጥም ተሸምኖ ከደጁ ሲሰማ ምን ያህል ሊደነቅ እንደሚችል አስቡት። ሲሰጣቸው ይመርቁታል፤ ሲዘገይባቸው ግጥሙ እየከረረ ይሄዳል። ይህ ግጥም ለሚቀጥለው ደጅ አይሆንም። ስሙ ሌላ ነውና።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚሰጠው የግዕዝ ቅኔም ከዚህ የራቀ አይደለም። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው ነው። ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። መምህሩም እዚያው በቃል ያርመዋል። ትላንት የተባለ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ ተመልሶ አይባልም፤ በየጊዜው አዲስ መሆን ይገባዋል። ይህን ሁሉ ጥበብ ለአንዲት ቅጽበት ማፍሰስ ለእኛ ለመጻፍ ለለመድነው ብክነት ሊመስለን ይችላል፤ ለባለ ቅኔው ግን ክብሩ እዚያ ላይ ነው።

ሐ. የቀይ እርሳስ ስሕተት

የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በመምህርነት ሲሠራ ከፈጸማቸው ስሕተቶች አንዱን ለእናንተ መንገር ይወዳል። አንድ ዓመት ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የቃል ግጥም ሰብስበው እንዲያመጡ አዝዞ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ አያቱ በልጃቸው ሞት ጊዜ ያወጡትን ሙሾ ጽፎ አመጣ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ያህል ነበር። በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ የስንኙ ግማሽ ሐረግ እንደገና ተጽፎአል። አዘጋጁ ይህን ባየ ጊዜ ቀይ እርሳሱን አንሥቶ የተደጋገሙትን ሐረጎች በሙሉ ሰረዘ፤ በኅዳጉም ላይ «አላስፈላጊ ድግግሞሽ» ብሎ ጻፈ። ከአሥር ስድስት ሰጠው።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው አካባቢ ወደሚገኝ ለቅሶ ሄደ። አልቃሿ ሙሾውን ስታወርድ ስንኙን ትጨርስና ዝም ትላለች። ወዲያው ለቀስተኛው ሁሉ የስንኙን መጨረሻ ሐረግ ተቀብሎ ደረቱን እየመታ ይመልሳል። እርስዋም በዚያ መካከል እንባዋን ትጠርጋለች፤ ቀጣዩንም ስንኝ ታስባለች። አዘጋጁ በቀይ እርሳስ የሰረዘው የለቀስተኛውን ድምፅ እንደ ነበር የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ተማሪውን ጠርቶ ደብተሩን ቢጠይቀው፣ ልጁ እንደ ታዘዘው ድግግሞሹን አስወግዶ ግጥሙን በሌላ ወረቀት ገልብጦታል፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጥሎታል። የትኛው ሐረግ ይመለስ እንደ ነበረ አያቱን መልሶ መጠየቅም አልተቻለም፤ በዚያው ክረምት ዐርፈው ነበር።

ያን ሙሾ እዚህ አናሰፍረውም፤ የቤተሰቡ ነውና። አጻጻፉን ለማሳየት ግን በእርሻ ወራት ለሞተ ገበሬ የተባለ መስሎ የተዘጋጀ አጭር ምሳሌ እንውሰድ። በመጀመሪያ «በታረመው» መልኩ እንዲህ ይነበባል።

በሬው ሞፈር አይቶ ከደጅ ቆሟል ዛሬ፣
ማን ይጥመደው ልበል? ወዴት ነህ ገበሬ?

ምጣኔው ስድስት ስድስት ቀለም ነው፤ ቤቱም ይመታል። ስሕተት የለበትም። አሁን ደግሞ በለቅሶው ሥፍራ እንደሚሰማው አድርገን እንጻፈው።

አልቃሽ፦ በሬው ሞፈር አይቶ ከደጅ ቆሟል ዛሬ፣
ለቀስተኞች፦ ከደጅ ቆሟል ዛሬ፣
አልቃሽ፦ ማን ይጥመደው ልበል? ወዴት ነህ ገበሬ?
ለቀስተኞች፦ ወዴት ነህ ገበሬ?

«ወዴት ነህ» ብሎ አንድ ሰው ሲጠይቅ የአንዲት ሴት ኀዘን ነው። ያንኑ ቃል ሃምሳ ሰው በአንድነት ሲጠይቅ ግን መንደሩ በሙሉ አንድ አራሽ እንደ ጎደለበት ይናገራል። በቃላቱ ላይ የተጨመረ አዲስ ቃል የለም፤ የተጨመረው ተናጋሪ ነው። በሬው በእውነት ከደጅ ቆሞ ከሆነ ደግሞ አልቃሿ በእጅዋ እያመለከተች ትናገራለች። «ዛሬ» የሚለው ቃል ቤት ለመምታት የገባ ተራ ቃል መሆኑ ይቀርና የዚያን ዕለት ማለዳ ያመለክታል።

ስለዚህ የቃል ግጥም ስትሰበስቡ ከቃላቱ ጋር ሌላም ነገር መጻፍ ይኖርባችኋል። ማን ተናገረው? ለማን? የት? መቼ? አድማጮቹ ምን መለሱ? የቱ ላይ ሳቁ፣ የቱ ላይ ዝም አሉ? የጠበቀውን ፊደል ለይታችሁ ለማወቅ በላዩ ላይ አንዲት ነጥብ ብታስቀምጡ ኋላ ትጠቅማችኋለች። ድምፁን በስልክ መቅዳት ከተቻላችሁ ቅዱ፤ ነገር ግን ቅጂው የተመልካቹን ፊትና የፎካሪውን እርምጃ ስለማያሳይ ማስታወሻ ከመያዝ አያድናችሁም። ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቁ። ሙሾ የሟቹ ቤተሰብ ሀብት ነው፤ ለክፍል ሥራ ብለን በድብቅ የምንቀዳው ነገር አይደለም።

መ. ከወረቀት ወደ አንደበት

እስካሁን የተነጋገርነው ከአንደበት ወደ ወረቀት ስለሚመጣው ግጥም ነው። በተቃራኒው የሚጓዝም አለ። በ1910ዎቹ ዓመታት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳት ተረቶችን መሠረት አድርገው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። በአማርኛ ከተጻፉት ዘመናዊ ተውኔቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው። ተረቱ በቤት ውስጥ ሲነገር ማንንም አያስቆጣም ነበር። በመድረክ ላይ በታየ ጊዜ ግን ተመልካቹ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ለራሱ ተረጎመ፤ ተውኔቱም ታገደ። ከዚያ በኋላ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት ወቅት ሕዝቡን ለማነቃቃት የተጠቀመው በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ነበር። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ።

ከዚህ ዘመን ገጣሚዎች መካከል ጸጋዬ ገብረ መድኅንን መጥቀስ ይገባል። ጸጋዬ ገጣሚም ጸሐፌ ተውኔትም ስለ ነበሩ ስንኞቻቸው የተዋናይን ትንፋሽ የሚጠይቁ ናቸው። የተለመደው የወል ቤት በእያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ሲኖረው በእርሳቸው ስም «የጸጋዬ ቤት» እየተባለ የሚጠራው ስምንት ስምንት ይዞ ይረዝማል። በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» የተባለውን የግጥም መድበላቸውን ስታገኙ ከውስጡ አንዱን ግጥም ድምፃችሁን አውጥታችሁ ሞክሩት። ትንፋሻችሁን የቱ ላይ መውሰድ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ካላሰባችሁ ከስንኙ መካከል ላይ ያልቅባችኋል።

ልብ ወለድም ቢሆን ወደ አንደበት ሲመለስ ሌላ ሕይወት ያገኛል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን መጽሐፉን ገዝተው ለማንበብ ያልቻሉ፣ ፊደልም ያልቆጠሩ ሰዎች ጭምር ሰሙት። ወጋየሁ ለየባለ ታሪኩ የተለየ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ትረካውን የሰማ ሰው ዛሬ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያነበው በራሱ ድምፅ አይደለም፤ በወጋየሁ ድምፅ ነው። አንድ ጎበዝ ተራኪ የደራሲውን ሥራ እንዲህ አድርጎ የራሱ ሊያደርገው መቻሉ ለደራሲው ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? በዚህ ጉዳይ ላይ በክፍል ውስጥ ብትከራከሩ መልካም ነው። የአዘጋጁ አስተያየት ግን ጥቅሙ ያመዝናል የሚል ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታትም በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል «ግጥም በጃዝ» በሚል ስም ገጣሚዎች ከሙዚቀኞች ጋር በአንድ መድረክ ግጥሞቻቸውን ያቀርቡ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሰው ግጥም ለመስማት መሰብሰቡ አዲስ ነገር ቢመስልም፣ ግጥምና ሙዚቃ በአንድነት መቆማቸው ከመሰንቆው ዘመን የመጣ ነው። ልዩነቱ አዝማሪ ገጣሚውም መቺውም ራሱ መሆኑ ነው። ቤት የሚመታው ቃል ሲደርስ እጁ ራሱ ይለዝባል። ገጣሚውና ሙዚቀኛው ሁለት ሰዎች በሆኑ ጊዜ ግን መደማመጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሳክስፎኑ የመጨረሻውን ቃል ይውጠዋል፤ አድማጩም ሲጠብቀው የቆየውን ነገር ሳይሰማ ይቀራል።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት በዓላት ዘወትር የሚታየውን አንድ ጉድለት ሳንጠቅስ አናልፍም። ብዙ ተማሪዎች ግጥም ማቅረብ ማለት መጮኽ ይመስላቸዋል። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በአንድ ከፍታ እየጮኹ፣ ቀኝ እጃቸውን በየስንኙ እያነሡና እየጣሉ ይጨርሳሉ። ሁሉም ቃል እኩል ከጮኸ የትኛውም ቃል አይሰማም። የምታቀርቡትን ግጥም አስቀድማችሁ መርምሩ። የሚጠብቁትንና የሚላሉትን ፊደላት ለዩ። ትንፋሽ የምትወስዱበትን ሥፍራ በአንዲት ሰረዝ አመልክቱ። በግጥሙ ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ቃል ምረጡና እርሱን ከመናገራችሁ በፊት ጥቂት ዝም በሉ። ዝምታው ለእናንተ በጣም የረዘመ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ለአድማጩ ግን ልኩ ነው።

መልመጃ

1. «አባቴ ገና አለ።» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ና»ንና «ለ»ን እያጠበቃችሁና እያላላችሁ በተለያየ መንገድ አንብቡ። ስንት ልዩ ልዩ ትርጉም አገኛችሁ? ለእያንዳንዱ ትርጉም ሁኔታውን የሚያስረዳ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

2. «ሰፊው ሰው ቤቱ ጠባብ ነው።» በሚለው ውስጥ ኅብረ ቃሉን አውጡ፤ ሰሙንና ወርቁንም ለዩ። ከዚያም ይህንኑ ኅብረ ቃል በመጠቀም በየወል ቤት ሁለት ስንኝ ግጥም ግጠሙ።

3. ሁለት ሁለት ሆናችሁ «ተቀበል» ተባባሉ። አንዳችሁ ስንኙን ስትሰጡ ሌላው እንደ ሰማ ተቀብሎ ይበል። የመጀመሪያው ስንኝ መንደርደሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ስንኝ ለማሰብ ምን ያህል ጊዜ እንዳስፈለጋችሁና ያን ጊዜ በምን እንደ ሸፈናችሁት ለክፍሉ ንገሩ።

4. ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አንድ ተረት፣ ፉከራ ወይም የሥራ ዘፈን ፈቃድ ጠይቃችሁ ሰብስቡ። ጽሑፉን በሁለት መልክ አዘጋጁ፤ በአንደኛው ቃላቱን ብቻ፣ በሁለተኛው የአድማጮቹን ምላሽ፣ የተናጋሪውን እንቅስቃሴና የድምፁን ለውጥ ጭምር አስገቡ። ሁለቱንም ለተናጋሪው አንብቡለትና የትኛው የእርሱን ሥራ እንደሚመስል ጠይቁት። የሰጣችሁን መልስ በራሱ አነጋገር፣ ሳታርሙት ጻፉ።